ይድረስ ለክቡር አቶ ጭስ፣ ከፊቴ ካለው መኪና

ጉዳዩ፦ ሳንባዬን እንዲለቁልኝ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔ ከሳል በስተቀር እጅግ ደህና ነኝ።

ይህን ደብዳቤ በሐሳቤ መጻፍ የጀመርኩት ቀይ መብራት ላይ ቆሜ ነው። ከፊቴ አንድ የጭነት መኪና አለ። እርስዎ ከሥሩ ብቅ ብለው ይንጎራደዳሉ። መስኮቱን ዘጋሁ፤ በማራገቢያው ቀዳዳ ገቡ። ማራገቢያውን አጠፋሁ፤ ቀድመው የገቡት ከእኔ ጋር ቀሩ። አንዲት እናት የልጇን ጋሪ እየገፋች ታቋርጣለች። ልብ ብዬ ሳይ የሕፃኑ አፍንጫና የጭስ ማውጫው አፍ እኩል ቁመት ላይ ናቸው። ተለክቶ የተሠራ ይመስላል።

ቆይ፣ ይህ አንቱታ አልሆነልኝም። ሃያ ዓመት ሙሉ ሳይጋበዝ ሳንባዬ ውስጥ ሲያድር የኖረ እንግዳ አንቱ አይባልም። ቤተኛ ሆነናል። በአንተ እንቀጥል።

ትናንት ማታ የመስኮቴን ደፍ በጣቴ ጠረግ አደረግኩት። የወለወልኩት ጠዋት ነበር። ጣቴ ጠቆረ። መጀመሪያ ተናደድኩ፤ በኋላ ግን አሰብኩት። ደፉ ላይ የቀረው ሰነፉ ዘመድህ ነው። ከባድ ነው፣ ይታያል፣ በጨርቅ ይነሳል። ጎበዙ ሌላ ነው። ከ2.5 ማይክሮሜትር አይበልጥም፤ የፀጉር ዘለላ ውፍረት ለ30 ተከፍሎ እንደማለት ነው። አፍንጫ አይዘውም፣ ጉሮሮ አያስቆመውም። እስከ ሳንባ ከረጢት ይወርዳል፤ ደቃቁ ደግሞ ደም ውስጥ ይገባል። ከዚያ ልብ ነው፣ አንጎል ነው፣ የፈለገበት ይደርሳል። ጥቁሩ አንተ እንግዲህ የቤተሰቡ ሐቀኛ ነህ። ቢያንስ ስትመጣ ትታያለህ።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 (ዓመቶቼን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ቁጠርልኝ) መመሪያውን ሲያሻሽል፣ ያ ደቃቁ ወንድምህ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ በዓመት አማካይ ከ5 ማይክሮግራም እንዳያልፍ አለ። ቀድሞ 10 ነበር። ከዓለም ሕዝብ 99 በመቶው ድርጅቱ ካወጣው ልክ በላይ የቆሸሸ አየር ይተነፍሳል። ከመቶ ሰው አንዱ ብቻ ነው የተረፈው ማለት ነው። ያንን አንዱን ሰው እስከ ዛሬ አላገኘሁትም።

ግን ጸቤ ካንተ ጋር ብቻ ቢሆን ኖሮ ደብዳቤም ባላስፈለገ። ጭስ ጭስ ነው፤ ይጨሳል። እኔን ራሴን ያጨሱኝ አፈ ቀላጤዎችህ ናቸው።

በ1921 በጄኔራል ሞተርስ ቤት የሚሠራ ቶማስ ሚጅሊ የሚባል አሜሪካዊ መሐንዲስ የሞተርን ማንኳኳት ጸጥ የሚያሰኝ ነገር አገኘ። ቤንዚን ላይ ትንሽ ቴትራኤቲል ሌድ ጠብ ይደረጋል፤ ሞተሩ ዝም ይላል። ሌድ በእኛ እርሳስ ነው። ልጆች የሚጽፉበት እንዳይመስልህ፤ እሱ ውስጥ ያለው ግራፋይት ነው። ይሄኛው የልጆችን አእምሮ የሚሰርዘው ነው። መርዝነቱ ከጥንት ጀምሮ ይታወቃል። አልኮልም ማንኳኳቱን ያስቆም ነበር። ችግሩ አልኮልን ማንም ያወጣዋል፤ «የእኔ ፈጠራ ነው» ብሎ ብቻውን የሚያተርፍበት የለም። ስለዚህ እርሳሱ ተመረጠ። ገበያ ሲወጣ ስሙ «ኤቲል» ተባለ። እርሳስ የሚል ቃል ማስታወቂያው ላይ የለም። ጅብ የማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል። ለዚህኛው ቁርበቱ ተነጠፈለት።

በኦክቶበር 1924 ኒው ጀርሲ ውስጥ ያንን ፈሳሽ ሲያመርቱ የነበሩ ሠራተኞች ይቃዡ ጀመር። የሌለ ነገር እያዩ ይጮኻሉ። 5 ሰዎች ሞቱ፤ በርካቶች ሆስፒታል ገቡ። የኩባንያው ሰው ለጋዜጠኞች የሰጠው ማብራሪያ፣ ሰዎቹ ያበዱት ሥራ አብዝተው ሳይሆን አይቀርም የሚል ነበር። አየህ? ጥፋቱ የትጉህነታቸው ሆነ። ወሩ ሳያልቅ ሚጅሊ ራሱ ጋዜጠኞች ፊት ቀረበ። ፈሳሹን እጁ ላይ አፍስሶ ታጠበበት። ጠርሙሱንም አፍንጫው ሥር ይዞ ለአንድ ደቂቃ አሸተተ። ጲላጦስ እንኳ እጁን የታጠበው በውኃ ነው! ደግሞ ሰውየው ያልነገራቸው ነገር ነበር፤ በፊተኛው ዓመት ራሱ በእርሳስ ተመርዞ ለማገገም ዕረፍት ወጥቶ ነበር።

በ1925 የአሜሪካ መንግሥት ስብሰባ ጠራ። አሊስ ሃሚልተንን የመሳሰሉ ሐኪሞች ነገሩ አደገኛ ነው ብለው ተከራከሩ። ከኩባንያው ወገን ፍራንክ ሃዋርድ የተባሉት ደግሞ «የአምላክ ስጦታ» አሉት። ስጦታው በሥራው ቀጠለ። ሮበርት ኪሆ የተባለ ሐኪም የኤቲል ኩባንያ የሕክምና ኃላፊ ሆኖ፣ እርሳስ በሰውነት ውስጥ መኖሩ የተፈጥሮ ነው እያለ ለአሥርት ዓመታት ሲመሰክር ኖረ። እንዴት አወቀ? ፈሳሹን የሚነኩ ሠራተኞችን ከማይነኩት ጋር አወዳደረ። የማይነኩት የት ነው የሚሠሩት? እዚያው ፋብሪካ ውስጥ። ሁለቱም ወገን እርሳስ ተገኘባቸው። «ይኸው፣ ሁሉም ሰው አለበት» አለ። ዝናብ ውስጥ የቆሙ ሁለት ሰዎችን አይቶ ሰው በተፈጥሮው እርጥብ ነው እንደማለት ነው። ውሻ በበላበት ይጮኻል ብዬ ልለፈው።

ያጋለጠህ ደግሞ ካንተ ጋር ምንም ጉዳይ ያልነበረው ሰው ነው። ሳይንቲስቱ ክሌር ፓተርሰን የፈለገው የምድርን ዕድሜ ማስላት ነበር። ለዚህ ከሰማይ የወደቀ ድንጋይ ውስጥ ያለችውን ጥቂት እርሳስ መለካት አለበት። ቁጥሩ አልገጥም አለው። እርሳሱ ከየአቅጣጫው ይመጣል፤ ከልብሱ፣ ከፀጉሩ፣ ከጠረጴዛው፣ ከአየሩ። ቤተ ሙከራውን ዓመታት ሲፈትግ ኖሮ በመጨረሻ ምድር ወደ 4.55 ቢሊዮን ዓመት እንደሚሆናት ደረሰበት። ሌላ ሰው ቢሆን ተሸልሞ ቤቱ ይገባ ነበር። እሱን ግን አንድ ጥያቄ አልለቀቀውም፦ ያ ሁሉ እርሳስ ከየት መጣ? ካንተ ነዋ! በ1965 የዘመኑ ሰው የተሸከመው እርሳስ ከተፈጥሮው 100 እጥፍ ያህል መሆኑን ጻፈ። ምስጋናውም አልዘገየ። በ1971 የአየር እርሳስን የሚያጠና ብሔራዊ የባለሙያዎች ቡድን ሲቋቋም፣ ስለ አየር እርሳስ ከማንም በላይ የሚያውቀው ሰው አልተጠራም።

እርሳስ ያለበት የመኪና ቤንዚን ከመጨረሻዋ አገር ከአልጄሪያ የጠፋው በ2021 ነው። ከ1921 እስከ 2021 ቁጠረው። እጁን የታጠበው ሰው ያጠራቀመውን ዓለም መቶ ዓመት ሙሉ ስታጥበው ቆየች።

ስለ ለንደኑ ጉብኝትህ ብዙ አልልም። በዲሴምበር 1952 ነበር፤ ያኔ የከሰል ነበርክ፤ 5 ቀን ከተማው ላይ ተኛህ። መጀመሪያ 4,000 ሰው ያህል ሞተ ተባለ። በተከታዮቹ ወራት መሞቱን የቀጠለውን ሰው መንግሥት ለጉንፋን ሰጠው። የኋላ ተመራማሪዎች ቁጥሩን ወደ 12,000 አደረሱት። ጉንፋን ሆይ፣ ስምህ በከንቱ ጠፍቷል። የወቅቱ ሚኒስትር ሃሮልድ ማክሚላን ለባልደረቦቻቸው በጻፉት ምስጢራዊ ማስታወሻ ኮሚቴ እናቋቁም አሉ፤ ብዙ ማድረግ ባንችልም ሥራ የበዛብን መምሰል እንችላለን ብለው። ከፖለቲከኛ አፍ ይህን ያህል እውነት ሰምቼ አላውቅም። ምስጢር የሆነውም ለዚህ ይሆናል።

የዛሬዎቹ ጠበቆችህ ደግሞ ሰው አይደሉም፤ ሶፍትዌር ናቸው። ቮልስዋገን በ2015 የተያዘበትን ታውቀዋለህ። መኪናው ጎማው እየተሽከረከረ መሪው ካልተነቃነቀ «አሃ፣ ምርመራ ላይ ነኝ» ይላል። ያኔ ንጹሕ ይሆናል። የአባቱን ኮቴ ሲሰማ ደብተር እንደሚገልጥ ልጅ ማለት ነው። መንገድ ሲወጣ አንዳንዱ መኪና ከተፈቀደው እስከ 40 እጥፍ ናይትሮጅን ኦክሳይድ የሚባል ጎጂ ጋዝ ይለቃል። ዘዴው በዓለም ዙሪያ 11 ሚሊዮን መኪና ላይ ነበረ። የነቃበት የዌስት ቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ትንሽ ቡድን ነው፤ መለኪያውን መኪናው ላይ ጭኖ መንገድ ለመንገድ በመንዳት ብቻ።

ግን እንቅልፍ የነሳኝ የጦጣዎቹ ነገር ነው። በ2012 የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ክፍል የናፍጣ ጭስን ካንሰር አምጪ ብሎ በአንደኛ ምድብ መዘገበው። የጀርመን መኪና አምራቾች ገንዘብ የሚያወጡለት አንድ ተቋም ይህን ማስተባበል ፈለገ። በ2014 አሜሪካ ውስጥ 10 ጦጣዎችን በዝግ ክፍል አስቀምጦ የአንድ አዲስ ቮልስዋገን ጭስ አስተነፈሳቸው። እንዳይረበሹ ካርቱን ተከፈተላቸው። እዚህ ድረስ ሰምተህ ከሆነ ጨርሰው፤ መኪናው ራሱ ያ አታላይ ሶፍትዌር የተጫነበት ነበር። በሐሰተኛ ንጹሕ ጭስ እውነተኛ ጦጣዎች ተሸወዱ። እኔ ቢያንስ ካርቱን አልተከፈተልኝም።

እዚህ ላይ ሽሙጡን ለአፍታ ላቁም። ኤላ የምትባል የ9 ዓመት ልጅ በ2013 ለንደን ውስጥ በአስም ሞተች። ቤቷ መኪና ከሚርመሰመስበት ትልቅ መንገድ 30 ሜትር አይርቅም። የመጀመሪያው የሞት ምርመራ ያንተን ስም አላነሳም። እናቷ ለዓመታት ተሟገተች። በዲሴምበር 2020 መርማሪው የአየር ብክለት ለሞቷ አስተዋጽኦ ማድረጉን ወሰነ። በብሪታንያ ስምህ የሞት ምክንያት ሆኖ ሲጻፍ የመጀመሪያው ነው። በሰው ብዛት ሲቆጠር ሁሌም «ግምት ነው» ይሉ ነበር። ይህኛው ግምት አይደለም።

ወደ ጸባችን ልመለስ። አንድ የማውቀው ሾፌር አለ። ለዓመታዊ ምርመራ ቀን ሲደርስ የጭስ ማጣሪያ ከጓደኛው ይዋሳል፤ ያስገጥማል፣ ያልፋል፣ ፈትቶ ይመልሳል። ሙሽራ ሱፍ እንደሚዋስ ዓይነት። ያቺ አንዲት ማጣሪያ ስንት መኪና እንዳሳለፈች ሲነግረኝ ዓይኑ በኩራት ያበራል። ተቆጣሁት። እሱም ተቆጣኝ። «አዲስ ልግዛ? በምን?» አለኝ። ከዚያ ሳል ያዘው። ረጅም ሳል ነው፤ ጨዋታው ተቋርጦ እስኪያልፍለት ጠበቅኩት። ቀኑን ሙሉ ካንተ ጋር የሚውለው እሱ ነው። ሲያዝ ይቀጣል፤ አይቀጣ አልልም። ግን እሱ የተዋሳት አንዲት ማጣሪያ ናት፤ እነዚያ ቢሮ ውስጥ ቁጭ ብለው የጻፉት ማታለያ 11 ሚሊዮን መኪና ላይ ነው የተጫነው። ካንተ ቀጥሎ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው፤ እኔና እሱ መንገድ ዳር ስንጨቃጨቅ እነሱ የሉም። ጭስ ማውጫ የሌለው ሕንፃ ውስጥ ናቸው።

ስለዚህ ጥያቄዬን ቀለል ላድርገው። ሂድ አልልህም፤ አትሰማኝም። አንድ ቀን ብቻ እነዚያ ስብሰባ የሚቀመጡበት ክፍል ግባ። መስኮቱ ዝግ ነው፣ አየሩ የተጣራ ነው፣ ግን አንተ ቀዳዳ አታጣም። ጋሪ ውስጥ ያለ ሕፃን አፍንጫ ላይ እንደምትደርሰው በእነሱም አፍንጫ ልክ ቁም። ከዚያ ጉዳት የለውም የሚለውን ንግግራቸውን ሳያስሉ ይጨርሱት።

መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። የጭነት መኪናው ማርሽ አስገባ። አንተም ለስንብት አንድ ጥቁር ቡልቅታ ለቀህ መስታወቴን ሸፈንከው። መጥረጊያውን ከፈትኩ።

ከሰላምታና ከሳል ጋር

ግልባጭ፦
ለደቃቁ ወንድምህ (የትም ስላለ አድራሻ አያስፈልገውም)
ዛሬ ጠዋት አጥቤ ላሰጣሁት ነጭ ሸሚዝ
ለአሥሩ ጦጣዎች