እርማት፦ ናሙና ስለበዛ ብቻ አማካይ አይረጋጋም

አንድ ልጅ ከኮሺ ሥርጭት (አልፎ አልፎ እጅግ ግዙፍ ቁጥሮች ከሚወጡበት የዕድል ሥርጭት) ናሙና የሚያወጣ ኮድ ጽፎ፣ አማካዩ ለምን እንደማይረጋጋ ጠይቆዎት ነበር። «ኮድህ ተበላሽቷል፤ ሚሊዮን ናሙና ብታወጣ አማካዩ ዜሮ ላይ መርጋት ነበረበት» ብለው ለጠያቂው የሰጡት ምላሽ መታረም አለበት። ኮዱ ትክክል ነው። ከ0 እስከ 1 እኩል ዕድል ካላቸው ቁጥሮች አንዱን ወስዶ፣ 0.5 ቀንሶ፣ በፓይ አባዝቶ ታንጀንቱን ማስላት የኮሺን ሥርጭት በትክክል ይሰጣል። ይህ ሥርጭት ግን ከነጭራሹ አማካይ የለውም! የሚሊዮን ናሙናዎች አማካይ ልክ እንደ አንዲት ናሙና ይዋዥቃል፤ ሲረጋጋ የቆየውን አንድ ግዙፍ ቁጥር መጥቶ ይንደዋል። እባክዎ፣ ልጁ ጤነኛ ኮዱን እንዳያፈርስ ይንገሩት። ናሙናዎቹን በቅደም ተከተል ደርድሮ መሃል ላይ ያለውን፣ ማለትም ሚዲያኑን ይውሰድ፤ በ10,000 ናሙና መደበኛ ስህተቱ (ከእውነተኛው መሃል በተለምዶ የሚርቅበት መጠን) 0.016 ገደማ ብቻ ነው።