ሳይነበብ ይመረቅ!

የሐዋሳ ሰው መጽሐፍ አያነብም ተብሎ ሲታማ ደሜ ይፈላል። ማንበብማ ማን ያቅተዋል? እኛ እናስመርቃለን። ስለ አካባቢያችን ታሪክ፣ ተፈጥሮና ኢኮኖሚ ዕድገት የሚያወራ መጽሐፍ ይታተም እንጂ፣ ሐይቁ ዳር አዳራሽ አይጠፋለትም። ባነር አይጠፋለትም። የክብር እንግዳም አርፍዶም ቢሆን ይመጣለታል።

መጽሐፉ በመጀመሪያ ከባድ ነው። በሐሳብ ሳይሆን በኪሎ። ሽፋኑ ላይ ሐይቁ ተንጣሏል፣ ከኋላው ታቦር ተራራ አለ፣ ጥግ ላይ አባ ኮዳ የሚባለው ትልቅ ወፍ ቆሟል። ሲገለጥ መልእክት ይቀድማል። የኃላፊው መልእክት ከነፎቶው፣ የምክትሉ መልእክት ከነፎቶው፣ የአዘጋጅ ኮሚቴው መልእክት ከነፎቶው። ይህን ሁሉ አልፎ ምዕራፍ አንድ የደረሰ ጀግና ከተማዋ በ1952 ዓ.ም. መቆርቆሯን ያነባል። እስከ ዛሬ የደረሰ ስለመኖሩ ግን ማረጋገጫ የለኝም።

ዳሰሳ አቅራቢዎቻችንን ሳላመሰግን ባልፍ ደግሞ ግፍ ነው። «ከጊዜ ጥበት አንጻር ሙሉውን ባላነበውም» ብሎ ጀምሮ አርባ ደቂቃ የሚናገር ሰው ሌላ አገር በቀላሉ አይገኝም። ደግሞም ይሻላል። ያነበበ ሰው ገጽ ይጠቅሳል፣ «እዚህ ጋ ስህተት አለ» ይላል፣ ድግስ ያበላሻል። ያላነበበው ግን «ፈር ቀዳጅ ሥራ ነው» ይልና ወደ ሻይ እንሄዳለን። የሲዳማ አያንቶዎች የፍቼ ጨምበላላን ቀን የሚያውቁት ኮከብ አይተው ነው፣ መጽሐፍ ገልጠው አይደለም። የኛም ሰዎች ሳይገልጡ ያውቃሉ። አያንቶዎቹ ግን ቢያንስ ቀና ብለው ያያሉ።

መጽሐፍ ለልማት ሲውል በዓይኔ አይቻለሁ። አንድ ምረቃ ላይ ፕሮጀክተሩ ዝቅ ብሎ ምስሉ የፊት ወንበር ሰዎች ጭንቅላት ላይ አረፈ። አስተናባሪው ፈጣን ልጅ ነው። ከሚመረቀው መጽሐፍ ሦስት ቅጂ አንስቶ ከሥሩ ደረደረ። ምስሉ ወዲያው ቀጥ አለ። በዕለቱ ከመጽሐፉ የተጠቀምነው ይኸው ነው፣ ትንሽ አይደለም።

በዚያ ምስል ላይ የወጣው የሐይቁ ምዕራፍ ነበር። እውነት ለመናገር ጥሩ ምዕራፍ ነው። የሐዋሳ ሐይቅ መግቢያ እንጂ በገጸ ምድር የሚታይ መውጫ የለውም። ዓመቱን ሙሉ የሚገባበት ወንዝ ጥቁር ውሃ ነው። እንዲያም ሆኖ ውሃው ጨው ያልሆነው፣ ከመሬት በታች ሾልኮ የሚወጣ ስላለ ነው ይላሉ አጥኚዎቹ። ከምሥራቅ በኩል ካለው ደጋ የሚወርደውን ደለል ድሮ ጨለለቃ ይይዝለት ነበር። ጨለለቃ ራሱ ሐይቅ ነበረ። ደኑ ሲመነጠር አፈሩ ወረደበትና ረግረግ ሆነ፣ ብዙው የከብት ግጦሽ ሆነ። ስለዚህ ዛሬ ከላይ የታጠበው አፈር፣ ከከተማው የወረደው ቆሻሻ፣ ሁሉም የሚያርፈው እዚሁ ፊት ለፊታችን ነው።

«የሐይቁ ዳርቻ ከግንባታ ነጻ ይሁን» የሚለው ምክረ ሐሳብ ሲነበብ አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። መናጋቱ አያስገርምም፣ ያለው ውሃው ላይ ነው። በመስኮቱ እጅ ቢዘረጋ ይረጥባል። ቀጥሎ ያለ ዕድሜያቸው ስለሚጠመዱ ዓሣዎች ተነገረ። በዚህም አዘንን፣ ራሳችንን ነቀነቅን። ከዚያ ምሳ ሆነና የቆሮሶ ዓሣ ጥብስ መጣ። ሳህኔ ላይ የደረሰኝ ከነጭራው መዳፌን አይሞላም። የተቀመጥነው የዳሰሳ አቅራቢው ጠረጴዛ ላይ ነው። እሳቸው ሁለት ደረሳቸው።

የኢኮኖሚውን ምዕራፍ ቶሎ ልለፈው፣ እሱም ቶሎ ስለሚያልፍ። የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2008 ዓ.ም. ሲመረቅ የተነሳው ፎቶ ሁለት ገጽ ሙሉ ይዟል። ኢትዮጵያ በ2014 ዓ.ም. ከአጎዋ፣ ማለትም ከአሜሪካ የቀረጥ ነጻ ገበያ ዕድል፣ ስትወጣ ልብስ ሰፊዎቹ ምን እንደሆኑ ግን አንድ መስመር አላየሁም። ምን ይደረግ፣ ለምረቃ የተጻፈ መጽሐፍ ስለ ምረቃ ነው የሚያውቀው።

ከሁሉ የምወደው የቢሮ መደርደሪያችንን ነው። እዚያ ላይ «የክልላችን ታሪክና ልማት» እየተባለ ለእንግዳ የሚሰጠው መጽሐፍ የሚያወራው ስለ ቀድሞው ደቡብ ክልል ነው። ሲዳማ በ2012 ዓ.ም. ክልል ሆነ። ደቡብ ምዕራብ በ2014 ዓ.ም. ተከተለ። በ2015 ዓ.ም. የቀረው ደቡብ ኢትዮጵያና ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ተብሎ ለሁለት ተከፈለ። አንዱ ክልል አራት ሲሆን መጽሐፉ ንቅንቅ አላለም። ፕላስቲኩ እንኳ አልተቀደደም። እንግዳው ይቀበላል፣ ፎቶ ይነሳል፣ አገሩ ይዞት ይገባል፣ የሱም መደርደሪያ ላይ ይቆማል። እስካሁን «ይሄ ክልል እኮ የለም» ብሎ የደወለ እንግዳ አልሰማንም። ይህን ያህል የሚተማመን አስተናጋጅና እንግዳ የት ይገኛል?

ክፉ ሰው አይጠፋምና አንዳንዱ መጽሐፉን ሊያነብ ይፈልጋል። የሰፈሬ ልጅ የመመረቂያ ጽሑፉን ስለ ጨለለቃ እየሠራ ነው። መጻሕፍት መሸጫዎቹን ዞረ፣ የለም፣ ለሽያጭ አይደለምና። አሳታሚው መሥሪያ ቤት ሄደ፣ «ደብዳቤ አጽፈህ ና» ተባለ። አጽፎ መጣ። መጋዘኑ ክፍት ነበር፣ ካርቶኑ እስከ ኮርኒስ ተደርድሯል፣ አንዱ ካርቶን በሩ እንዳይዘጋ መደገፊያ ሆኗል። የንብረት ክፍሏ ሴትዮ ደግ ናቸው። ደብዳቤውን ሁለቴ አነበቡት።

«ለምንድነው የፈለግኸው የኔ ልጅ?»

«ለማንበብ ነው እትዬ።»

መነጽራቸውን አውልቀው አዩት። «ለስጦታ ቢሆን እኔው ሁለት አወጣልህ ነበር። ለማንበብ ከሆነ ግን ኃላፊው መፍቀድ አለባቸው።»