ማስተካከያ፦ የባቲ ገበያ ሰኞ ነው

ሰሞኑን በወሎ ስላለችው የባቲ ከተማ ገበያ ሲዘዋወር የነበረው መረጃ ሁለት ነገር አዛብቷል። አንደኛ፣ ገበያው እሁድ ይቆማል ይላል። የእሁዱ የሌላዋ ከተማ፣ የሰንበቴ ነው፤ የባቲ ሰኞ ነው። ከደሴ ተነስቶ እሁድ ባቲ የወረደ ሰው ድካሙ መና ይቀራል።

ሁለተኛው ይከብዳል። ባቲ «ዱሮም ዛሬም የጨው ገበያ» ተብላለች። ጨውማ ነበር፤ አሞሌው ጨው ከአፋር በግመል ይመጣል፣ ያኔ እንደ ገንዘብም ያገለግላል። ግን ባሪያም ይሸጥባት ነበር። ይህን ዘሎ የባቲን ታሪክ ማውራት ደግ አይደለም። ባርነት በአዋጅ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው። ጣሊያን የሠራው የአሰብ መንገድ በከተማዋ ሲያልፍ ደግሞ የመኪና ሸቀጥ ገባ።

ዛሬ ዓይን የሚስበው የግመል ተራው ነው። ገዥ የግመሉን ከንፈር ገልቦ ጥርሱን ያያል፣ ሻኛውን ይዳብሳል፤ ከዚያ ወደ ክርክር ነው። አፋሩም ኦሮሞውም አማራውም አንዱ በሌላው ቋንቋ ዋጋ ይሰብራል። እዚያው አጠገብ ሸራ ላይ የፕላስቲክ ጫማ፣ ሽርጥና የሞባይል ቀፎ ተዘርግቷል። ጨውም አልጠፋም፤ ገበያው ግን የሱ ብቻ አይደለም።