ደመወዝ መርማሪው

የግል መርማሪ ሲባል ዓይኑ እንደ ጭልፊት የሆነ ሰው ነው የሚታሰበን። እ.ኤ.አ. በ1976 ሆንግ ኮንግ ውስጥ ማይክል ሁይ ጽፎ፣ አዘጋጅቶ፣ ራሱ በተወነበት አስቂኝ ፊልም ውስጥ ያለው የመርማሪ ቢሮ አለቃ ዎንግ ግን ዓይኑ የሚበራው በወር መጨረሻ ነው። ማን ከማን ጋር ሆቴል እንደገባ፣ ከሱፐርማርኬት ማን ምን ሸሽጎ እንደወጣ ለማወቅ ሲንደፋደፍ ይከርምና፣ የደመወዝ ቀን ሲደርስ የተሰበረውን ሁሉ ቆጥሮ ከሠራተኛው ላይ ይቀንሳል። ያልተወሳሰበበት ብቸኛ ምርመራ ይኸው ነው።

የፊልሙ ስም በሆንግ ኮንጎች ቋንቋ በካንቶኒዝ «ቡን ጋን ባት ሎንግ» ይባላል፤ ግማሽ ጋን፣ ስምንት ሎንግ ማለት ነው። በሆንግ ኮንግ ገበያ ጋን የሚባለው የክብደት መለኪያ 600 ግራም ግድም ሲሆን 16 ሎንግ ይወጣዋል። ግማሹ ስንት መጣ? ስምንት። እኛ «ቢገለብጡት ያው በገሌ» የምንለውን እነሱ በሚዛን ይናገሩታል። አለቃውም ሠራተኛውም ሚዛን ላይ ቢወጡ ዝርክርክነታቸው እኩል ነው፤ አንዱ ቀናሽ፣ ሌላው ተቀናሽ ከመሆናቸው በቀር።

ከሁሉ የዶሮዋ ነገር ይለያል። ዎንግ የቴሌቪዥን የምግብ ዝግጅት እየተከተለ ዶሮ ሊሠራ ይነሳል። መሃል ላይ ጣቢያው ይቀየርና የሰውነት ማጎልመሻ ይመጣል። እሱ ምን ተዳው! እግር አንሱ ሲባል የዶሮዋን እግር ያነሳል፣ እጅ ዘርጉ ሲባል ክንፏን ይዘረጋል። የቀልዱ ብልሃት ዶሮዋም ጭን፣ ክንፍና ደረት ያላት መሆኗ ነው፤ ትእዛዙ ይገጥምላታል። ማይክል ደግሞ ፈገግ አይልም። ቢስቅ ኖሮ ጨዋታው እዚያው ይሞት ነበር። ማይክልና ታናሽ ወንድሙ ሳም ከዚያ በፊት በቴሌቪዥን የአጫጭር ቀልድ ዝግጅት ነበራቸውና ፊልሙም ታሪኩ እየላላ በእንዲህ ያሉ ቁርጥራጮች ይሄዳል። ታሪክ ፈላጊ ይከፋው ይሆናል፤ ዶሮዋን ያየ ግን አይከፋውም።

የፊልሙ ዘፈን የታናሽየው የሳም ነው፤ በወር ደመወዝ ለሚንገላታ ሰው፣ ሰው ገበያ ላይ በሚከራከርበት በዚያው ካንቶኒዝ የተዘፈነ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ የከተማዋ ሲኒማ በሌላው የቻይና ቋንቋ በማንዳሪን ተይዞ ስለነበር ይህ ትንሽ ነገር አልነበረም። ፊልሙ ከ8 ሚሊዮን የሆንግ ኮንግ ዶላር በላይ አስገባ። ሦስተኛው ወንድም ሪኪ የዎንግን ቁጣ ተሸካሚ ረዳት ሆኖ ይጫወታል።

ኩሽና ውስጥ ያለው ድብድብስ? ብሩስ ሊ ከሞተ ገና ሦስት ዓመቱ ነበር። ዎንግ ብሩስ ሊ የሚያሽከረክራቸውን ሁለት የተያያዙ ዱላዎች እርስ በርሱ በተያያዘ ቋሊማ ተክቶ ይገጥማል፤ የሻርክ መንጋጋም መሣሪያ ይሆናል። ድብድቡን ያቀናበረው የኩንግ ፉ ባለሙያው ሳሞ ሀንግ ስለሆነ ቋሊማውም ቢሆን በሥርዓት ነው የሚሽከረከረው። ዋጋው ከማን ደመወዝ እንደሚቀነስ ለማወቅ መርማሪ መቅጠር አያስፈልግም።