በጤና ምርምር ትብብር መስፈርቱን ማን ይጽፈዋል?

የጤና ምርምር የትብብር ስምምነት ሲፈረም ክርክሩ በአብዛኛው ስለ ወንበር ነው፤ ቦርድ ውስጥ ማን ይገባል፣ ገንዘቡ በማን በኩል ያልፋል። በእኛ እምነት ቀድመው መመለስ ያለባቸው ሌሎች ሁለት ጥያቄዎች ናቸው። ሊገኝ የሚፈለገው መድኃኒት ምን ማሟላት እንዳለበት የሚጽፈው ማን ነው? ያልሠራውን ሙከራስ ማን፣ በምን ልክ ያስቆማል?

ችላ ለተባሉ በሽታዎች መድኃኒት የሚያፈላልገው ዲኤንዲአይ በጄኔቫ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። መሥራቾቹ ድንበር የለሽ የሐኪሞች ቡድን፣ የፈረንሳዩ ፓስተር ኢንስቲትዩት፣ እንዲሁም የሕንድ፣ የብራዚል፣ የኬንያና የማሌዥያ የመንግሥት ተቋማት ናቸው። ቦርዱ ውስጥ የሕሙማን ወኪልም አለ። እዚያ ማንኛውም ፕሮጀክት የሚለካው በቅድሚያ በተጻፈ መስፈርት ነው፦ መድኃኒቱ ለማን ነው፣ የሚዋጥ ነው ወይስ የሚወጋ፣ ስንት ቀን ይፈጃል፣ ሙቀት ይችላል ወይ፣ ነፍሰ ጡር ትወስደዋለች ወይ፣ ዋጋውስ? ሳይንሳዊ አማካሪ ኮሚቴው ይመረምራል፣ ቦርዱ ይወስናል።

መስፈርቱ ሕሙማኑ ካሉበት ርቆ ሲጻፍ ምን እንደሚፈጠር ካላዛር፣ በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፈው ገዳይ በሽታ፣ አሳይቶናል። በመርፌ የሚሰጠው ፓሮሞማይሲን ሕንድ ውስጥ በቀን በኪሎ 15 ሚሊግራም ለ21 ቀን ተሰጥቶ ከ90 በመቶ በላይ አድኗል። ጎንደርንና አርባ ምንጭን ባካተተው የምሥራቅ አፍሪካ ሙከራ ግን በዚያው መጠን ያዳነው ወደ 64 በመቶ ብቻ ነበር፤ በሁለቱ የሱዳን ጣቢያዎች ከግማሽም በታች ወርዷል። ለብቻው ሲሰጥ መጠኑ ወደ 20 ከፍ ተደረገ። ከነባሩ መርፌ ከሶዲየም ስቲቦግሉኮኔት ጋር ተጣምሮ ሲሰጥ ደግሞ የ30 ቀኑን መርፌ ወደ 17 ቀን አሳጥሮ 91 በመቶ ያህል አዳነ።

ሌላው የካላዛር መድኃኒት አምቢዞምም እንዲሁ ነው። ሕንድ ውስጥ አንድ ጊዜ በኪሎ 10 ሚሊግራም መስጠት 95 በመቶ ያህሉን ይፈውሳል። በኢትዮጵያና በሱዳን ሲሞከር 58 በመቶ ላይ ቀረ፤ ሙከራውም 124 ሕሙማን ከገቡ በኋላ ቆመ። ይህ ውድቀት ሊባል አይገባም። የማቆሚያው ልክ አስቀድሞ ስለተቀመጠ ሌሎች ሕሙማን ደካማ ሕክምና ከመውሰድ ድነዋል።

በአገራችን ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። የጥናቱ ዝርዝር ዕቅድ (ፕሮቶኮል) ውጭ አገር ተጠናቅቆ ይመጣል። የሥነ ምግባር ገምጋሚ ኮሚቴው የሚደርሰው መጠኑም፣ የሚገለሉት ሕሙማንም፣ በጀቱም ካለቀላቸው በኋላ ነው፤ ያኔ ማስተካከል የሚቻለው የፈቃድ ቅጹን ቃላት ያህል ነው። መተማና ሁመራ ለቀን ሥራ ወርደው ካላዛርም ኤችአይቪም ያለባቸው ሰዎች ደግሞ ከዋናዎቹ ሙከራዎች በተለምዶ ይገለላሉ። ለእነሱ አምቢዞምና የሚዋጠው ሚልቴፎሲን ተጣምረው የተሞከሩት ጎንደርና አብደራፊ ላይ፣ ለብቻው በተዘጋጀ ጥናት ነው።

ስለዚህ የአገር ውስጥ ተቋማት ከመፈረማቸው በፊት ሦስት አንቀጽ ይጠይቁ። መስፈርቱ ሲረቀቅ ሕሙማኑን የሚያክመው ሐኪም ድምፅ ይኑረው። የማቆሚያው ልክ በቁጥር ይጻፍ፤ የመሐል ውጤቱን የሚያየው ገለልተኛ የደህንነት ቡድንም የአገሩን ባለሙያ ይያዝ። ከሙከራው የሚገለል ሕመምተኛ ካለም፣ የእሱ ጥናት መቼና በማን በጀት እንደሚሠራ እዚያው ስምምነት ላይ ይስፈር።

አሁን አስቸኳይ የሚሆነው ሚልቴፎሲን ነው። ከፓሮሞማይሲን ጋር በ14 ቀን ውስጥ ጥሩ ያድናል፤ ፅንስን ስለሚጎዳ ግን ለነፍሰ ጡር አይሰጥም፣ የየቀኑ መርፌም አልቀረም። ቀጣዩ መስፈርት ሲጻፍ እነዚህን ሁለቱን የሚያነሳ ሰው ከጎንደር መቀመጥ አለበት።