ኔትወርክ ሲጠፋም የሚሠራ ሲስተም ይሠራልን

የመንግሥት መረጃ ሲስተም ጉዳይ በተነሳ ቁጥር ወሬው ቶሎ ብሎ ሰርቨሩ፣ ማለትም መረጃውን የሚይዘው ኮምፒውተር፣ የት ይቀመጥ ወደሚለው ይሄዳል። አንዱ «አማዞን ወይም ማይክሮሶፍት ላይ ጭነን እንገላገል» ይላል። ሌላው «የሕዝብ መረጃ ከአገር አይወጣም፣ ሰርቨር ገዝተን ግቢያችን ውስጥ እናስቀምጥ» ይላል። ጎንደር ከተማ ነገ የመሬት ይዞታ መዝገቧን ወደ ኮምፒውተር ላስገባ ብትልም ክርክሩ ይኸው ነው። እኔ ግን ከዚህ በፊት የሚጠየቅ ነገር አለ ባይ ነኝ። አዘዞ ወይም ማራኪ ክፍለ ከተማ መስኮት ላይ የተቀመጠው ሠራተኛ የኢንተርኔት መስመር ሲቋረጥ ባለጉዳዩን ምን ይለዋል?

መልሱን ሁላችንም በቃላችን ይዘነዋል፦ «ሲስተም የለም፣ ነገ ተመለሱ።»

እዚህ መስመር መቋረጡ ብርቅ አይደለም። መብራት ይጠፋል፣ ፋይበር ይቆረጣል። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተዘግቶ ለብዙ ወራት ቆይቷል። ይህን እያየን ሁልጊዜ ኢንተርኔት አለ ብሎ የሚነሳ ሲስተም ማሠራት ገንዘብ መጣል ነው። እያንዳንዱ ክፍለ ከተማ በትንሽ ሰርቨር የራሱን መዝገብ ቅጂ ይያዝ፤ መስመር ሲመጣ ከማዕከሉ ጋር ይናበብ። አዲስ ፈጠራም አይደለም። ብሔራዊ መታወቂያው ፋይዳ የቆመበት ሞሲፕ የተባለው ክፍት ሶፍትዌር ሰውን ያለ ኢንተርኔትም መመዝገብ ይችላል። የተመዘገበው በምስጢር ቁልፍ ተቆልፎ ይቆይና መስመር ሲገኝ ይላካል።

ሁሉም ሥራ ኦፍላይን ይሠራ ግን አላልኩም። ፋይል መፈለግ፣ ማመልከቻ መቀበል፣ የመረጃ ማረጋገጫ ማተም ያለ መስመር ቢሠራ ብዙም አያሰጋም። የስም ዝውውር ሲመጣ ነገሩ ይለያል። መስመር በሌለበት ጠዋት አንዱ መስኮት ላይ ቤቱ ወደ ገዢው ስም ዞረ እንበል። በዚያው ሰዓት ባንክ ያን ቤት በብድር መያዣነት አስመዝግቦ ማዕከሉ ላይ እገዳ ገባበት። ከሰዓት መስመሩ ሲመለስ ሁለቱ ይጋጫሉ። ኮምፒውተሩ የቱን ይቀበል? ፕሮግራመሮች «በመጨረሻ የገባው ይጽና» የሚል ቀላል ዘዴ አላቸው። ለስልክ አድራሻ ደብተር ይሆናል፤ ለቤት ካርታ ግን ሰው ያካስሳል። ስለዚህ የባለቤትነት ለውጥና እገዳ የማዕከሉን ማረጋገጫ ይጠብቁ። ባለጉዳዩ ግን ማመልከቻው ገብቶለት፣ ቁጥሩን ይዞ ይሂድ፤ ሲጸድቅ በስልኩ መልእክት ይድረሰው። የትኛው ሥራ ይጠብቅ፣ የትኛው ይቀጥል የሚለውን መወሰን ያለባቸው ደግሞ የመሬት ባለሙያዎቹና የሕግ ሰዎቹ ናቸው። በተግባር ግን ይህን ብዙ ጊዜ ኮዱን የሚጽፈው ልጅ ብቻውን ይወስነዋል፤ ማንም ስላልጠየቀው።

ሌላው የጊዜው ፋሽን ማይክሮሰርቪስ ነው። አንዱን ሲስተም በኔትወርክ እየተነጋገሩ በሚሠሩ ብዙ ትንንሽ ፕሮግራሞች መከፋፈል ማለት ነው። ሞሲፕ እንደዚያ ነው የተሠራው፤ የአገር ሕዝብ በሙሉ ለሚመዘገብበት ሲስተም ያስኬዳል። ለአንድ ከተማ መሬት መዝገብ ግን ምን በወጣን! አንድ በወጉ የተጻፈ ፕሮግራምና አንድ ፖስትግረስ ዳታቤዝ ይበቃል። ፖስትግረስ ነፃ ነው፣ የትም ይጫናል፣ የሚያውቀው ባለሙያም አይጠፋም። ሠላሳ ቁራጭ ፕሮግራም ሲበላሽ ማን ያየዋል? እዚህ የሚመረቁ ጎበዝ ልጆች ልምድ ሲይዙ የተሻለ ደሞዝ ፍለጋ መሄዳቸው አይቀርም። የሚቀሩት ሁለት ሦስት ሠራተኞች የሚይዙት ሲስተም መሆን አለበት።

አሁን ወደ ሰርቨሩ ቦታ። የውጭ ክላውድ፣ ማለትም የእነ አማዞንን ሰርቨር በኢንተርኔት መከራየት፣ ጥሩ አገልግሎት ነው፤ ኬፕታውንና ጆሃንስበርግ ድረስም መጥቷል። ችግሩ ሂሳቡ በዶላር መሆኑ ነው። የመንግሥት በጀት ሐምሌ 1 በብር ይጀምራል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 አለፈ። ያኔ ወርሃዊ የክላውድ ክፍያ የነበረበት ቢሮ በጀቱ ገና በመጀመሪያው ወር ነው የተናጋው። በዚያ ላይ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰው መረጃ ከአገር እንዲወጣ ቅድመ ሁኔታ ያስቀምጣል። በብር የሚከፈልበት የኢትዮ ቴሌኮም ቴሌክላውድ አለ፤ አዲስ አበባ አይሲቲ ፓርክ ውስጥም የግል ዳታ ሴንተሮች አሉ። ዋናው ቅጂ እዚያ ቢቀመጥ እመርጣለሁ።

«ግቢያችን ውስጥ እናስቀምጥ» ለሚሉት ደግሞ ደቡብ ኮሪያን ላንሳ። በመስከረም 2018 ዴጆን ከተማ በሚገኘው የመንግሥት ዳታ ሴንተር ባትሪ ተቃጥሎ 709 የመንግሥት ሲስተሞች ቆሙ። የመንግሥት ሠራተኞች ሰነዳቸውን ያስቀምጡበት የነበረው ጂ-ድራይቭ 858 ቴራባይት ይዞ ወደመ፤ ሌላ ቦታ ቅጂ አልነበረውም። በቴክኖሎጂ እነሱን የሚያክል ስንት አገር አለ? ሰርቨሩ በገዛ አገራቸው፣ በገዛ ግቢያቸው ነበር። ስለዚህ ሁለተኛ ቅጂ፣ በሌላ ከተማ፣ የግድ ነው።

ይህ ሁሉ ጨረታ ሰነዱ ላይ ካልሰፈረ ወሬ ሆኖ ይቀራል። «ዘመናዊና አስተማማኝ ይሁን» የሚል መስፈርት ማንም ያሟላል። ርክክብ ላይ ገምጋሚዎቹ የኔትወርክ ኬብሉን ነቅለው ግማሽ ቀን ባለጉዳይ ያስተናግዱበት። ዳታቤዙን ከባክአፑ፣ ከመጠባበቂያ ቅጂው፣ አውጥተው ሌላ ማሽን ላይ ራሳቸው ያስነሱት። ሶርስ ኮዱ (ፕሮግራሙ የተጻፈበት ጽሑፍ)፣ የዳታቤዙ ዋና የይለፍ ቃልና የክላውዱ አካውንት በከተማ አስተዳደሩ እጅና ስም ካልገቡ የመጨረሻው ክፍያ አይለቀቅ።