ስለ «10 በመቶ» እና «90 በመቶ» እርማት

ወንድሜ፣ «ተማሪ ካነበበው 10 በመቶ፣ ከሠራው 90 በመቶ ያስታውሳል፤ የኤድጋር ዴል ጥናት ነው» ብለሃል። በየሥልጠናው የሚነገር ነው፤ ግን ስህተት ነው። አሜሪካዊው የትምህርት ምሁር ዴል በ1946 እ.ኤ.አ. ባወጣው፣ የመማር ልምዶችን በሾጣጣ ቅርጽ በደረደረበት ሥዕል ላይ አንድም መቶኛ የለም፤ ቁጥሮቹን የጨመሩት ሌሎች ናቸው።

ለአሳታፊ ትምህርት፣ ማለትም ተማሪው ራሱ እየሠራና እየተወያየ ለሚማርበት መንገድ፣ እውነተኛ ማስረጃ አለልህ። በ2014 እ.ኤ.አ. 225 ጥናቶች በአንድነት ሲመረመሩ፣ ሌክቸር ብቻ ከሰሙ የሳይንስና የምህንድስና ተማሪዎች 34 በመቶ ያህሉ ወድቀዋል፤ በአሳታፊ መንገድ ከተማሩት ግን 22 በመቶ ያህሉ።

እዚህ ባሕር ዳርም ተማሪን ጣና ዳር ወስዶ እምቦጭ ማስነቀል ብቻውን ትምህርት አይሆንም። አስቀድመው አንብበው ይገምቱ፣ አረሙ የሸፈነውን ስፋት ይለኩ፣ ዓሣ አጥማጆቹን ይጠይቁ፣ ሲመለሱ ግምታቸውን ከልኬታቸው ጋር ያስተያዩ። በዚያ «10 በመቶ» ሰበብ ንባብ መናቁ ነው እኔን በጣም የሚያሳዝነኝ።